ለአንድ ቀን መለየት፦ የጽሞና ጊዜና ቦታ

ሰው ከሥራና ከጫጫታ ተለይቶ ከራሱና ከፈጣሪው ጋር ብቻውን ለመቆም ወደ ደሴት፣ ወደ ዋሻ ወይም ወደ ምድረ በዳ መሄዱ በታላላቆቹ ሃይማኖቶች ሁሉ የታወቀ ነው። አከራካሪው መጠኑ ነው። መነኩሴ ዕድሜውን ሙሉ ይለያል፤ ሱባኤ የገባ ሰው ለሳምንት ወይም ለሁለት ሳምንት ይለያል። ጠዋት ወጥቶ ማታ ቤቱ የሚገባውስ? እርሱ ያደረገው ጽሞና ነው ወይስ ሽርሽር? ጥያቄው ሲመረመር ሦስት የቆዩ ጥያቄዎችን ያስነሣል፦ ቦታ ነፍስን ይለውጣል ወይ? ጥቂት ጊዜ ለመንፈሳዊ ሥራ ይበቃል ወይ? ለራስ ተብሎ የተያዘ ቀን ከሌላው ሰው የተነፈገ ቀን ነው ወይ?

እነዚህ ጥያቄዎች በዳላስና በፎርት ዎርዝ ዙሪያ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የዕለት ኑሮ ጥያቄዎች ናቸው። አካባቢው እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከ7.6 ሚሊዮን በላይ ሰው የተመዘገበበት፣ ከተማ ከከተማ በአውራ ጎዳና የተያያዘበት ሰፊ ሜዳ ነው። በጋርላንድ፣ በሪቻርድሰንና በሰሜን ምሥራቅ ዳላስ የሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ የፈረቃ ሠራተኞች ናቸው፤ በአውሮፕላን ማረፊያ፣ በሆስፒታል፣ በአረጋውያን መጦሪያ፣ በነዳጅ ማደያ፣ በከባድ መኪና ላይ ይሠራሉ። ከሳምንቱ የሚተርፈው ቀን አንድ ነው፤ እርሱንም ቅዳሴው፣ ልቅሶው፣ ክርስትናው፣ ማኅበሩና የልጆች ትምህርት ይሻሙታል። ስለዚህ በዚያ አገር ስለ ጽሞና የሚነሣው እውነተኛ ጥያቄ ስለ አርባ ቀን ሳይሆን ስለ አንድ ቀን ነው።

መልክዓ ምድሩም ነገሩን ያከብደዋል። ዳላስ ባሕር የላትም። በአካባቢው ያሉት ሐይቆች፣ ዋይት ሮክ፣ ሬይ ሃበርድ፣ ሉዊስቪልና ግሬፕቫይን፣ ሁሉም ወንዝ በግድብ ተይዞ የተፈጠሩ ናቸው፤ ከእነርሱ ቀደም ያለው ዋይት ሮክ ግድቡ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። ደሴትና የባሕር አሸዋ የሚፈልግ ሰው ከዳላስ ተነሥቶ ጋልቬስተን ደሴት ላይ በሚያበቃው 45 ቁጥር አውራ ጎዳና 458 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል። ደርሶ መልሱ ዘጠኝ ወይም ዐሥር ሰዓት ይፈጃል። ሰው ያልሠፈረበት ረጅም ዳርቻ ያለው ፓድሬ ደሴት ደግሞ ከዚያም ስለሚርቅ ለአንድ ቀን አይታሰብም።

የደሴት ገዳማት ትምህርት

ከኢትዮጵያ ለመጣ ሰው ጸጥ ያለ ሞቃት ደሴት የእንግዳ አገር ሐሳብ አይደለም። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ላይ የሚገኘው የጣና ሐይቅ በብዙ ደሴቶቹ ላይ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ገዳማትን ይዞ ኖሯል። ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ጣና ቂርቆስ፣ ክብራን ገብርኤል፣ እንዲሁም እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በደቅ ደሴት ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ከስመ ጥሮቹ መካከል ናቸው። በወሎ ደግሞ አባ ኢየሱስ ሞአ እ.ኤ.አ. በ1248 ገደማ ገዳማዊ ሕይወትን ያጸኑበት ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ቢገናኝም ቀድሞ በውኃ የተከበበ ደሴት ነበር።

መነኮሳቱ ደሴትን የመረጡበት ምክንያት የውኃው ማማር አልነበረም። ውኃ አጥር ነው፤ በታንኳ ካልሆነ የማይደረስበት ቦታ መግባትንም መውጣትንም የታሰበበት ያደርገዋል። በየብስ ያለ መነኩሴ አሳቡ ሲናወጥ እግሩ ወደ ገበያ ሊወስደው ይችላል፤ በደሴት ያለው ግን ታንኳ መፈለግ፣ ቀዛፊ መለመን፣ ማዕበሉ እስኪበርድ መጠበቅ ይኖርበታል፤ በዚያ መካከል አሳቡ ይሰክናል። ሁለተኛው ምክንያት ጥበቃ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በኢማም አሕመድ ኢብራሂም ጦርነት ጊዜ የብዙ አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ወደ ጣና ደሴቶች ተሻግረው ተርፈዋል። ሦስተኛው ሥርዓት ነው። በዳጋና በክብራን ሴት አትገባም፤ ከክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ደግሞ የመነኮሳይት መኖሪያ በመሆን ይታወቃል። እንዲህ ያለውን ድንበር ለማጽናት ደሴት ይመቻል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የጽሞናው ፍሬ ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ትምህርት ቤት ሆነ፤ በትውፊት እነ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በዚያ ከአባ ኢየሱስ ሞአ ሥር ተምረው ወጡ። አባ ኢየሱስ ሞአ እ.ኤ.አ. በ1280/81 ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል ዘመናቸው በግልጽ ከታወቀ ጥንታውያን የኢትዮጵያ ብራናዎች አንዱ ነው። ሰው የሸሸበት ደሴት ለሰው የሚሆን መጽሐፍና መምህር አወጣ። ጽሞናን ለመመዘን ከዚህ የተሻለ ሚዛን ማግኘት ይከብዳል፤ ሰው ተለይቶ ምን አየ ከማለት ይልቅ ተለይቶ ምን ይዞ ተመለሰ ማለት ይሻላል።

እነዚህ ገዳማት ጠዋት መጥቶ ማታ የሚሄደውን እንግዳም ሲቀበሉ ኖረዋል። እንግዳን ተቀብሎ እግሩን ማጠብና ማብላት የገዳም ሕግ ነው። ለንግሥ በዓል የሚሻገረው ምእመን መነኩሴ ሊሆን አይመጣም፤ ተሳልሞ፣ ጸበል ቀምሶ፣ ስእለቱን አድርሶ ወደ እርሻው ይመለሳል። የአንድ ቀን እንግዳው መነኩሴ እንዳልሆነ ገዳሙም ያውቃል፣ እርሱም ያውቃል። ይህን ልዩነት ማወቁ ለትሕትናው ይጠቅመዋል እንጂ የቀኑን ዋጋ አይቀንስበትም።

በጀልባ ወደ ምድረ በዳ

የአንድ ቀን መለየት በወንጌል ውስጥ ግልጽ ምሳሌ አለው። የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 እንደሚተርከው ሐዋርያት ከተላኩበት ሥራ ደክመው ተመለሱ፤ የሚመጣውና የሚሄደው ሕዝብ ከመብዛቱ የተነሣ እህል ለመቅመስ እንኳ ጊዜ አልነበራቸውም። መጥምቁ ዮሐንስም የተገደለበት ወራት ነበር። ኢየሱስ ለብቻቸው ወደ ምድረ በዳ ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ አዘዛቸው፤ በጀልባ ተሻገሩ። ሕዝቡ ግን በእግር ሮጦ ቀደማቸው፤ ሲደርሱ ዳርቻው በሰው ተሞልቶ ነበር። ኢየሱስ አዘነላቸው፤ አስተማራቸው፤ በመሸም ጊዜ በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ አጠገባቸው። ከዚያ ደቀ መዛሙርቱን አስቀድሞ በጀልባ ሰዶ፣ ሕዝቡን አሰናብቶ፣ ብቻውን ሊጸልይ ወደ ተራራ ወጣ።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ድካም እንደ ኃጢአት አልተቆጠረም። የእግዚአብሔርን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች እንኳ ዕረፍት እንደሚያስፈልጋቸው ጌታቸው አይቶ ራሱ አዘዘ፤ ያዘዘውም ጥቂት ዕረፍት ነው። ሁለተኛ፣ የታሰበው ጸጥታ በሰው ችግር ሲቋረጥ ችግሩ ቀደመ፤ የተገኘው ሕዝብ እንደ ደንቃራ አልታየም። ሦስተኛ፣ ጽሞናው አልቀረም፤ ወደ ማታ ተዛወረ። ፍቅር ከጸጥታ ይቀድማል፤ ሆኖም ጸጥታን አይሽርም። ስለ ታመመ ዘመድ ተደውሎለት የጸሎት ቀኑን ትቶ የሄደ ሰው ሕጉን አልጣሰም፤ ማታ ግን የራሱን ተራራ መፈለግ ይጠበቅበታል።

ቦታ ነፍስን ይለውጣል ወይ?

በቦታ መታመንን የነቀፉ አሳቢዎች ብዙ ናቸው። ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ መንገድ መሄድ የማይጠቅመውን ሰው ሲገልጽ፣ ሰውየው የሚሸሸውን ራሱን ተሸክሞ እንደሚጓዝ ይከራከራል። ይህ ክርክር ዛሬም ኃይል አለው። በስልኩ የሥራ ቦታውን፣ የአገር ቤቱን ፖለቲካና የወዳጅ ጠላቱን ወሬ ይዞ ጋልቬስተን አሸዋ ላይ የተቀመጠ ሰው ከዳላስ አልወጣም።

ነገር ግን ክርክሩ እስከ መጨረሻው አይሄድም። ሰው ሥጋም ነው። የኢትዮጵያ ሃይማኖታዊ ልማድ በጾም፣ በስግደት፣ ጫማ አውልቆ በመቆም ነፍስን በሥጋ በኩል ሲያስተምር ኖሯል፤ ነፍስ ከሆድና ከጉልበት የምትማር ከሆነ ከዓይንና ከጆሮም ትማራለች። የመኪና ድምፅ የማይሰማበት ቦታ ለጸሎት የተሻለ መሆኑን ለማወቅ ፈላስፋ መሆን አያስፈልግም። ስለዚህ ቦታ በራሱ አያድንም፤ ይረዳል።

ለዚህ ጠንካራው ኢትዮጵያዊ ምስክር የፈላስፋው ዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ ነው። ጽሑፉ እንደሚተርከው ዘርዐ ያዕቆብ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከከሳሾቹ ሸሽቶ በተከዜ አጠገብ በአንድ ዋሻ ሁለት ዓመት ያህል መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ተቀመጠ፤ ስለ ፈጣሪና ስለ ሰው ልቡና የመረመረውን በዚያ መረመረ። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1632 ከሞቱ በኋላ ወጥቶ በእንፍራዝ ሀብቱ በሚባል ሰው ቤት ተቀመጠ፤ ሚስት አገባ፣ ልጆች አስተማረ። የጽሑፉ ደራሲ በእርግጥ ኢትዮጵያዊው ዘርዐ ያዕቆብ ነው ወይስ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊ ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚለው ክርክር በሊቃውንት መካከል አልተቋጨም። ለዚህ ጥያቄ የሚጠቅመው ግን ሐሳቡ ነው። ሐተታው ምንኩስናን ከፈጣሪ ሥርዓት ጋር አይስማማም ብሎ ይነቅፋል፤ ዋሻውን ግን ያመሰግናል። ደራሲው ብቸኝነትን የእውቀት በር አድርጎ ተቀበለው፣ የዘለዓለም ቤት አድርጎ ግን አልተቀበለውም። መነኩሴ ሳይሆን ጸጥታን ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የበለጠ ቅርብ ምሳሌ የለም።

አንድ ቀን ይበቃል ወይ?

አንድ ቀን ለዘመኑ ስንፍና የተሰጠ ቅናሽ አይደለም። ሰንበት ራሷ አንድ ቀን ናት። በኢትዮጵያ ደግሞ ስለዚህ ቀን የተደረገው ትግል ከባድ ነበር፤ አባ ኤዎስጣቴዎስ በቀዳሚት ሰንበት ምክንያት አገር ለቀው እ.ኤ.አ. በ1352 በአርመን ምድር ዐረፉ፤ ደቀ መዛሙርታቸው ለመቶ ዓመት ያህል ተከራክረው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ፣ ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም እንዲከበሩ ተወሰነ። ሰዎች ስለ አንድ ቀን ዕረፍት ስደትን የተቀበሉት ቀኑ ትልቅ ነገር ስለመሰላቸው ነው። አይሁዳዊው አሳቢ አብርሃም ጆሹዋ ሄሼልም እ.ኤ.አ. በ1951 ስለ ሰንበት ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሃይማኖቱ ከቦታ ይልቅ ጊዜን እንደሚቀድስ አስረድቷል።

እስልምናም ተመሳሳይ ትምህርት አለው። ነቢዩ ሙሐመድ ወሕይ ከመምጣቱ በፊት በሒራ ዋሻ ለብቻቸው ይቀመጡ ነበር፤ በረመዳን መጨረሻ ዐሥር ቀናት በመስጊድ ተለይቶ መቀመጥ፣ ኢዕቲካፍ፣ የታወቀ ሱና ነው። ስለ ትንሹ መጠን ሊቃውንቱ ይለያያሉ፤ በሻፍዒ መዝሀብ በኒያ፣ ማለትም አስቀድሞ ታስቦ፣ የተደረገ አጭር ቆይታም ይቆጠራል፣ በማሊኪ ግን ከአንድ ቀንና ሌሊት ያነሰ አይበቃም። ሁሉም የሚስማሙበት ኒያ ከሌለ ኢዕቲካፍ እንደሌለ ነው። ስለዚህ የሃይማኖቶቹ መልስ በአንድ ነጥብ ይገናኛል። አጭር ጊዜ ይበቃል፤ ነገር ግን አስቀድሞ ታስቦ፣ ተለይቶ፣ ለፈጣሪ ተሰጥቶ መሆን አለበት። የሽርሽርና የጽሞና ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ሽርሽር መልካም ነገር ነው፤ ልጆች ይደሰቱበታል፣ ሥጋ ያርፍበታል። ጽሞና የሚሆነው ግን ቀኑ ከመድረሱ በፊት ለምን እንደሆነ ሲወሰን ነው።

ከሌላው ሰው የተነፈገ ቀን?

በመነኮሳት መጻሕፍት ውስጥ ስለዚህ ነገር የቆየ ክርክር አለ። በኢትዮጵያ ከመጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ ሆኖ በአንድምታ የሚተረጐመው የማር ይስሐቅ መጽሐፍ ዝምታን እጅግ ከፍ ያደርጋል፤ ደራሲው ራሱ በ7ኛው ክፍለ ዘመን የነነዌ ጳጳስ ሆኖ ከተሾመ ከጥቂት ወራት በኋላ ሹመቱን ትቶ ወደ በረሃ ተመልሷል። በአንጻሩ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ቅዱስ ባስልዮስ ብቻውን የሚኖር መነኩሴ የማንን እግር ሊያጥብ ነው ብሎ ይጠይቃል፤ ፍቅር የሚፈጸመው ከሰው ጋር በመኖር ነውና። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሁለቱንም አከበረች፤ ባሕታዊውንም የአንድነት ገዳሙንም ይዛ ኖረች።

በዳላስ ይህ ክርክር የቤት ውስጥ መልክ አለው። አባት ለጸሎት ቀን ሲወጣ ልጆቹን የያዘችው እናት ናት፤ እርሷ ተራዋ መቼ ነው? የኦሪት የሰንበት ትእዛዝ ዕረፍቱን ለቤቱ ጌታ ብቻ አልሰጠም፤ ለአገልጋዩ፣ ለመጻተኛውና ለከብቱ ጭምር አዘዘ። ተራ ያልተደረገበት ጽሞና የሌላውን ሰንበት የበላ ጽሞና ነው። ከቤት ውጭም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በተከፈተው የዳላስ ፎርት ዎርዝ አውሮፕላን ማረፊያ በየዕለቱ ብዙ ሕዝብ ወደ ካሪቢያን ደሴቶችና ወደ ሜክሲኮ ዳርቻ ሲያልፍ ሻንጣውን የሚጭኑት፣ ወለሉን የሚያጸዱት፣ ቡናውን የሚሸጡት ሠራተኞች ናቸው፤ ኢትዮጵያውያንም በዚያ አሉ። የሌላውን ዕረፍት በላባቸው የሚያቀኑ ሰዎች የራሳቸው አንድ ቀን ይገባቸዋል ማለት ቅንጦት መጠየቅ አይደለም፤ ኦሪት የጻፈችውን መድገም ነው።

ባዶ ዳርቻ የለም

ጸጥ ያለ ዳርቻ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስበው ማንም ያልነበረበትን ቦታ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ በጣናም በጋልቬስተንም የለም። ጣና ከመነኮሳቱ ሌላ የዓሣ አጥማጆች፣ ከደንገል ታንኳ የሚሠሩ ሰዎችና የገበሬዎች ሐይቅ ነው። ጋልቬስተን ደግሞ በሁለት ታላላቅ ቀኖች ይታወሳል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 19 ቀን 1865 ጄኔራል ጎርደን ግሬንጀር በቴክሳስ በባርነት የተያዙት ነጻ መሆናቸውን ያወጁት በዚያ ነው፤ ፕሬዚዳንት ሊንከን የነጻነት አዋጁን ካወጡ ከሁለት ዓመት በላይ ዘግይቶ። እ.ኤ.አ. መስከረም 8 ቀን 1900 ደግሞ ዐውሎ ነፋስ ደሴቱን አጥለቅልቆ ቢያንስ 6,000 ሰው ገደለ፤ በአሜሪካ ታሪክ ከተፈጥሮ አደጋዎች ሁሉ ብዙ ሰው የፈጀው እርሱ ነው። ከከተማው ርቆ በባሕሩ ዳር በነበረው የቅድስት ማርያም የሙት ልጆች ማሳደጊያ 10 መነኮሳይት ሕፃናቱን በገመድ ከወገባቸው ጋር አስረው ሊያድኗቸው ሲሞክሩ ከ90 ሕፃናት ጋር ሞቱ፤ የተረፉት ሦስት ወንዶች ልጆች ብቻ ነበሩ።

ይህን ማወቅ የአንድ ቀኑን ጸጥታ አያበላሽም፤ ይዘት ይሰጠዋል። የኢትዮጵያ ጸሎት ሙታንን ይጠራል፤ በማያውቁት አገር የሞቱትንም ያስባል። በዚያ አሸዋ ላይ የሚጸልይ ሰው ነጻ የወጡትንና የሰመጡትን ካሰበ ጽሞናው ከራሱ ሐሳብ አልፎ ይሰፋል።

የቀኑ ሥርዓት

ከተባለው ሁሉ የአንድ ቀን ጽሞና ሥርዓት ይወጣል። ዓላማው አስቀድሞ ይታወቅ፤ ለንስሐ፣ ለምስጋና፣ አንድ ከባድ ውሳኔ ለመመርመር ወይም ለዕረፍት ብቻ ሊሆን ይችላል። በቤት ያለው ሰው ተራውን ያግኝ። ስልክ፣ ለአደጋ ጊዜ ካልሆነ፣ ይዘጋ። ቀኑ የራሱ ሰዓታት ይኑሩት፤ የሚጸለይበት፣ የሚነበብበት፣ ዝም የሚባልበት፣ የሚበላበት፤ ሥርዓት የሌለው ባዶ ቀን በሐሳብ መባከን ያልቃል። ቦታው ደግሞ ከዓላማው ጋር ይመዘን። ዘጠኝ ሰዓት ተነድቶ ሁለት ሰዓት የሚጸለይበት ጋልቬስተን ባሕርን ማየት ለሚገባው ነፍስ በዓመት አንድ ጊዜ ይጠቅማል፤ ለተለመደው ጽሞና ግን ማለዳ በዋይት ሮክ ዳር፣ ሰው ሳይበዛ፣ አምስት ሰዓት ሙሉ ዝም ብሎ መቀመጥ ይበልጣል። በሰው እጅ የተገደበ ሐይቅ ለጸሎት አያንስም።

እንግዲህ ሦስቱ ጥያቄዎች መልስ ያገኛሉ። ቦታ ነፍስን አይለውጥም፣ ነፍስ እንድትሠራ ግን ይረዳታል። አንድ ቀን ይበቃል፣ አስቀድሞ ለፈጣሪ ከተለየ። ለራስ የተያዘ ቀን ከሌላው የተነፈገ የሚሆነው ዕረፍቱ በተራ ሳይዳረስ ሲቀርና ሰውየው ምንም ሳይዝ ሲመለስ ነው። ማታ ቤቱ የገባው ሰው ለሚስቱ የበለጠ ታጋሽ፣ ለልጆቹ የበለጠ ቅርብ፣ በሥራው የበለጠ ታማኝ ከሆነ ቀኑ ጽሞና ነበረ ማለት ይቻላል፤ ይህንንም ከእርሱ ይልቅ አብረውት የሚኖሩት ይመሰክራሉ።